ባዶውን የተመለሰው ምሳ ዕቃ

«አልበላኸውም እንዴ?!»

ለኤልኪን የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው። ሌሎች ሴቶች ዓይናቸው ከዓይኑ ሲጋጭ ልባቸው ምን ምን እንዳለ ያወራሉ። እኔ ግን ምሳዬን የናቀብኝ መስሎኝ እየተቆጣሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴና እኔ ላ ሴሃ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከአደባባዩ ጀርባ፣ ትንሽ ምሳ ቤት አለን። ቦሎቄ በሩዝ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ አሬፓ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ፣ ሐሙስና እሁድ ደግሞ የዶሮ ሾርባ እንሠራለን። ሥራውን ጥሎ መምጣት ለማይችል ሰው በምሳ ዕቃ እንልካለን። በዚያ ሰሞን አደባባዩ ጥግ ላይ አንድ አዲስ ሰው አበባ መሸጥ ጀመረ። ኮረብታው ላይ ከአባቱ የወረሰው ማሳ አለው ተባለ። ምሳ አዘዘ፣ ባለ ሦስት ፎቁን ምሳ ዕቃ ሞልቼ ላኩለት። ከሰዓት በኋላ ራሱ ይዞት መጣ። ስቀበለው እጄ ላይ ከበደኝ።

«አልበላኸውም እንዴ?!»

«በላሁት እንጂ! ጣቴን ሁሉ ነው የላስኩት።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚከብደው?»

«ክፈቺውና እዪው።»

ከፈትኩት። ላይኛው ፎቅ ቀይ የካርኔሽን አበባ፣ መካከለኛው ነጭ፣ ታችኛው ቢጫ ጽጌረዳ። እንዳይጠወልጉ ውሃ ሁሉ አድርጎባቸዋል።

«ዕቃ ባዶውን አይመለስም» አለኝ፣ ጆሮው ቀልቶ። «እናቴ ይሄን ያስተማረችኝ በጭልፋ እየመታች ነው።»

እናቱ ልክ ናት። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እንቁላልም ቢሆን፣ ቁራጭ አይብም ቢሆን፣ አንድ ሎሚም ቢሆን አንድ ነገር ጣል ይደረግበታል። ባዶ ዕቃ መመለስ ፊት ላይ በር እንደ መዝጋት ነው። አበባ ተሞልቶ ሲመለስ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። «ግን የት ላድርገው? እኛ ቤት አበባ ማስቀመጫ የሚባል ነገር የለም።»

በትከሻዬ አሻግሮ ወጥ ቤቱን አየና ሳቀ። «ይሄ ሁሉ የተሰቀለው ምንድነው ታዲያ?»

ሳይፈቀድለት ገባ! የሩዝ ማጥለያውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ ውስጡ ውሃ የሞላ ጣሳ አስቀመጠ፣ ገለበጠና... አይ፣ መጀመሪያ ነው የገለበጠው። ማጥለያውን በጣሳው ላይ ደፋና በየቀዳዳው አንድ አንድ ካርኔሽን ሰካ። ሲጨርስ ማጥለያው የለም፣ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ኮረብታ ነው የተቀመጠው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እናቴ ዶኛ ኤስኔዳ ከጓሮ ስትገባ አየችው።

«አንተ ልጅ! ሩዙን በምን ላጥልል?»

«በባርኔጣዬ ያጥልሉት ዶኛ» አላትና ወጣ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ጨዋታ ሆነ። ምሳ ይሄዳል፣ አበባ ይመጣል። እኔ ደግሞ እሱ ያላሰበውን ዕቃ መፈለግ ሥራዬ ሆነ። የካሮት መፈግፈጊያው ውስጥ ቀጭን ጣሳ ከትቼ ነጭ አበባ አቆምኩበት። የቸኮሌት ማፍያው ማንቆርቆሪያ አንድ ትልቅ ሱፍ አበባ ይዞ መስኮት ላይ ወጣ። መሃሉ ክፍት የሆነውን የኬክ ፎርማ ውሃ ሞልቼ የተቀነጠሱ ጽጌረዳዎች አንሳፈፍኩበት። ሙቀጫው እንኳን አልቀረም። ድንች ለሁለት ቆርጦ፣ በሚስማር በስቶ፣ ግንዱን ድንቹ ላይ መሰካት ያስተማረኝ እሱ ነው። ጭልፋ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አንዲት ጽጌረዳ ማስተኛት ግን የራሴ ፈጠራ ነው፤ ይሄን ማንም እንዳይወስድብኝ!

እናቴ ጭልፋዋን ስታጣ ያለችውን አልደግመውም። ደንበኞቻችን ግን ወደዱት። የአውቶቡስ ሹፌሩ ዶን ሄራርዶ፣ ሾርባ ሁልጊዜ ሁለቴ የሚያስጨምረው፣ ገና ከበሩ ይጮሃል።

«ዶኛ ኤስኔዳ! ዛሬ በሳህን ነው የምንበላው ወይስ ሳህኑም አብቧል?»

«አንተ ብቻ ዝም ብለህ ብላ!» ትለዋለች። ሾርባውን ግን ትጨምርለታለች።

አንድ ቀን ኤልኪን ትልልቅ፣ ክብ፣ ሰማያዊ አበባ ይዞ መጣ። ሆርቴንሲያ። የሰው ጭንቅላት ያክላል፣ አንዷ ብቻዋን ድስት ትሞላለች። ገና ደፉን ሳይረግጥ እናቴ መጥረጊያ ይዛ ተነሳች።

«ውጣ! ይዘኸው ውጣ!»

«ምን አጠፋሁ ዶኛ?»

«ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት ሆርቴንሲያ? ልጄ ቆማ እንድትቀርልህ ነው?»

«እማዬ!» አልኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምን እማዬ ትያለሽ? ሆርቴንሲያ የገባበት ቤት ሴት ልጅ አትዳርም። ይሄን የማያውቅ አለ?»

ኤልኪን ሳቀ። «ኧረ ይሄ ተረት ነው! እኛ ጋ ከአጥር እስከ አጥር ሆርቴንሲያ ነው።»

«ለዚህ ነዋ ከእህቶችህ አንዷም ያላገባችው!»

ሳቁ ቆመ። እውነቷን ነበር። ሁለት ቆንጆ እህቶች አሉት፣ ሁለቱም ቤት ናቸው። አበባውን አቅፎ ወጣ፣ እኔም በእናቴ አፍ ስስቅ ዋልኩ። በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ወዲያው ረሳሁት።

እንግዲህ ልቤ የሄደው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ማጥለያው ላይ ይሁን፣ ጭልፋው ላይ ይሁን... ብቻ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጸጉሬን እንደገና እሠራለሁ። እናቴ ታየኛለች።

«ለምሳ ዕቃው ነው የምትኳኳይው?»

«ሙቀት ነው እማዬ።»

«አዎ፣ ሙቀት ነው።»

ችግሩ እሱ አንድ ቃል አለመናገሩ ነው። ስለ ግንድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቅጠል ሲያወራ ይውላል። ስለ እኔ ዝም! አንድ ቀን ብቻ መፈግፈጊያው ላይ አብረን አበባ ስናቆም ጣታችን ተነካካ። እጁን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

«ማርሌኒ... አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«አሬፓው አረረ!» ብላ እናቴ ጮኸች። በቃ፣ ነገሩም አብሮ አረረ።

በዚያው ሳምንት ታላቅ እህቴ ዶሪስ ከሜዴሊን ደወለች። ትልቅ ምግብ ቤት ከፍታለች፣ የምታምነው ሰው ትፈልጋለች።

«እዚያ ምን አለሽ ማርሌኒ? ዕድሜሽ ቦሎቄ ስትለቅሚ አለቀ። ነይልኝ። እስከ እሁድ መልስሽን ንገሪኝ።»

ምን አለኝ? ምን እንዳለኝ እኔም ማወቅ ፈልጌ ነበር። ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት፣ ሽንኩርት ስከትፍ ነው የማስበው፤ እንባው ሰበብ ያገኛል። የሚያመጣልኝ አበባ ፍቅር ነው ወይስ ደንብ? ምክንያቱም ለእኔ ብቻ አይደለም። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ፋቢዮላ ጠዋት ዳቦ በትሪ ትልክለታለች፤ ትሪዋ በአበባ ይመለሳል። መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮ ቡና በቴርሞስ ትልክለታለች፤ የቴርሞሱ ክዳን አበባ ይዞ ይመለሳል።

«እማዬ፣ ይሄ ሰው ምን እያደረገ ነው?»

«እናቱ ያስተማረችውን» አለችኝ ድንች እየላጠች። «ደህና አድርጋ አሳድጋዋለች። ከዚያ በላይ ግን እኔ እንጃ ልጄ።»

ይሄ «እኔ እንጃ» ውስጤ ገባ። ቆረጥኩና ራሴ ነገርኩት።

«ወደ ሜዴሊን ልሄድ ነው መሰለኝ። እህቴ ጋ ልሠራ።»

የያዘውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠ። አነሳው። እንደገና አስቀመጠው።

«እዚያም... ጥሩ አበባ አለ ይባላል» አለኝ።

አበባ! ሰው ልሄድ ነው ሲሉት አበባ! ማንቆርቆሪያውን አናቱ ላይ ብደፋለት ማን ይፈርድብኝ ነበር?

ዓርብ ከሰዓት በረዶ ጣለ። የሎሚ ፍሬ የሚያክል በረዶ ጣሪያችንን ሲደበድበው ዋለ። እናቴ አማተበች፣ እኔ ኮረብታውን እያየሁ ቆምኩ። የኤልኪን ማሳ እዚያ ነው። ጽጌረዳው፣ ካርኔሽኑ፣ ሱፍ አበባው... ሁሉም እዚያ ነው።

በማግስቱ አደባባዩ ላይ መቆሙን ስሰማ ደስ አለኝ። በሕይወት አለ፣ ሌላው ይተካል። የሚወደውን ሁሉ ሞልቼ ላኩለት። ቦሎቄውን፣ ሙዙን፣ አሳማ ሥጋውን ሁሉ። ማጽናኛ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል። ምሳ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «አመሰግናለሁ» ብሎ ሸሸ። አዎ፣ ሸሸ!

ሳነሳው ቀለለኝ። ላይኛውን ፎቅ ከፈትኩ፤ የለም። መካከለኛውን ከፈትኩ፤ የለም። ታችኛውን... ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ የገዛ ፊቴ ይታየኛል። ባዶ።

መጀመሪያ አልተቀየምኩም። ምስኪን፣ በረዶው ምኑን አስተርፎለት ነው አልኩ። ግን እግሬ አላስቀምጥ አለኝ፣ ሎሚ የምገዛ መስዬ ወጣሁ። የፋቢዮላ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ፣ ትሪዋ ውስጥ፣ ትልቅ ሰማያዊ ሆርቴንሲያ ተቀምጧል። መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ፣ ቴርሞሱ አጠገብ፣ ሌላ ሆርቴንሲያ።

ፋቢዮላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ማርሌኒ! የኔን አየሽ? በረዶው የተወው ከግንቡ ሥር ያለውን ብቻ ነው። አንቺስ ምን ላይ አደረግሽው? ድስቱ ቻለው?»

ትቻት ወደ ቤት ዞርኩ። ሎሚውም ሳይገዛ ቀረ። ለሁሉም አለው፣ ለእኔ የለውም! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ልሄድ ነው ስላልኩት ይሆን? «በይ እንግዲያው፣ ደህና ሁኚ» ማለቱ ይሆን? ቤት ገብቼ ለዶሪስ ደወልኩ።

«እመጣለሁ» አልኳት። «ሰኞ።»

እሁድ ምሳ አልላክሁለትም። ሲቆይበት ራሱ መጣ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፣ ዶን ሄራርዶም ሾርባው ፊት ተቀምጧል።

«ማርሌኒ... ምሳ...»

«የለም።»

«ከአሁኑ አለቀ?»

«ባዶ ዕቃ የሚመልስ ሰው ባዶ ሆዱን ይዋል!»

ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ኤልኪን ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀላ። እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ ሰዉን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔኮ... ያደረግኩት... እዚህ ሰው ፊት አልችልም» አለና ባርኔጣውን ጨብጦ ወጣ።

ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን በፎጣ ሸፈንኩ። በዚህ ጊዜ ሽንኩርት አልነበረም። እናቴ ተከትላኝ ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ምንድነው እሱ? ባዶውን መለሰልሽ?»

«ባዶውን! ለፋቢዮላ ሰጥቷል፣ ለመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሰጥቷል፣ ለእኔ ግን ምንም! ሰኞ እሄዳለሁ እማዬ፣ በቃኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ። ለእነሱ ምን ሰጣቸው?»

«አበባ ነዋ!»

«የምን አበባ?»

«ሆርቴንሲያ። በረዶው ያስተረፈለት እሱን ብቻ ነው አሉ።»

እናቴ ጭልፋዋን አስቀመጠች። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ልጅሽ ተዋርዳ!»

«አይ ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ፋቢዮላ አያት ናት። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ባሏን ቀብራለች። ሆርቴንሲያ ምን ይቀማቸዋል? አንቺ ግን አላገባሽም። ያ ሰው የእናቱን ጭልፋ እየፈራ፣ ስድብ መሆኑን እያወቀ፣ ባዶውን መለሰልሽ። ለምን ይመስልሻል? ቆማ እንዳትቀር ብሎ ነዋ! ለማን ብሎ ነው አንቺ እንድታገቢ የሚጨነቀው? ለዶን ሄራርዶ?»

ፎጣው ከእጄ ወደቀ።

«ግን እሱ... ተረት ነው ብሎ ስቆብሽ አልነበር?»

«ይሄን እኔን አትጠይቂኝ። ሂጂና እሱን ጠይቂው። ቆይ! ባዶ እጅሽን ነው የምትሄጂው? እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?»

ምሳ ዕቃውን እሷው ሞላችው። ሽርጤን ሳልፈታ ወጣሁ። ዶን ሄራርዶ ከኋላዬ «በርቺ!» ሲል ሰማሁት፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ይሳቁ።

ኤልኪን ከባዶ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው አንድ ባልዲ ሆርቴንሲያ ብቻ ነው። ሲያየኝ ተነሳ፤ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ንገረኝ» አልኩት። «አሁን ከፋቢዮላ በቀር ማንም የለም፤ እሷ ደግሞ ብትደብቃትም ትሰማለች።»

«አልሰማሁም!» አለች ፋቢዮላ ከዳቦ ቤቷ።

«ባዶ ዕቃ መመለስ ስድብ መሆኑን አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት። ያለኝ ሆርቴንሲያ ብቻ ነበር። እንቁላል ልግዛ አልኩ፣ ሎሚ ልግዛ አልኩ... አንድ ቀን እንኳን ከአበባ ሌላ አምጥቼልሽ አላውቅም። ግራ ሲገባኝ ባዶውን ይዤ መጣሁ።»

«በሆርቴንሲያው ነገር አላምንም ብለህ ስቀህ አልነበር?»

«አላምንም» አለኝ። ዓይኔን እያየ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸሸም። «አላምንም ማርሌኒ። ግን ባንቺ ላይ አልሞክረውም።»

ምሳ ዕቃውን ወደ እሱ ገፋሁት። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት አንድ ቃል ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ የበለጠውን ባዶ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ልኮልኝ ኖሯል።

«ታዲያ ልሄድ ነው ስልህ 'እዚያም ጥሩ አበባ አለ' ማለት ምን ማለት ነው? አንተ ደረቅ!»

«ደንግጬ ነው! ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቤት ገብቼ ለእህቶቼ ስነግራቸው በትራስ ነው የደበደቡኝ።»

ሳቅሁ፣ እያለቀስኩ ሳቅሁ። እጁን ዘረጋና እጄን ያዘ። ጣቱ የግንድና የአፈር ሽታ አለው።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ።

«አሬፓ የሚያርር የለም። ተናገር!»

«ሆርቴንሲያ እናንተ ቤት የሚገባበትን ቀን ቁረጪልኝ።»

በእኛ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው የለም። ሆርቴንሲያ ያለ ስጋት የሚገባው ልጅቷ የተዳረች ቀን ነው።

«እማዬን መጥረጊያዋን አስጥልልኝና» አልኩት፣ «ቀኑን እኔ እቆርጣለሁ።»

ፋቢዮላ አጨበጨበች። አልሰማሁም ያለችው ፋቢዮላ!

ለዶሪስ ስደውልላት ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «እኔ ነኝ ኬኩን የምሠራው» አለች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው። ያ በረዶ ባይጥል እኔ ዛሬ ሜዴሊን ድስት አማስል ነበር፣ እሱም እዚህ ስለ ግንድ ያወራ ነበር።

የተጋባነው ጽጌረዳው እንደገና ሲያብብ ነው። እናቴ ግን ለማንም አልተበገረችም። ሆርቴንሲያ የጫነው ጋሪ ደጅ ቆሞ፣ እሷ መጥረጊያዋን ለፋቢዮላ አስይዛ ቤተክርስቲያን ሄደች። ቄሱ ባርከው እስኪጨርሱ አንዲት ቅጠል ደፉን እንዳታልፍ ተባለ። ስንመለስ «አሁን አስገቡ!» ብላ አዘዘች። ሁለቱ የኤልኪን እህቶች ተሸክመው አስገቡት። ታናሽየዋ ያን ቀን ከዶሪስ ወጥ ቤት ሠራተኛ ጋር ስትደንስ አመሸች፤ እናቴም «አየሽ፣ አበባው ከቤታቸው ሲወጣላቸው!» አለችኝ።

ማጥለያው ሰማያዊ ሆነ። ማንቆርቆሪያው፣ የኬክ ፎርማው፣ ሙቀጫው፣ መፈግፈጊያው፣ ትልቁ የቦሎቄ ድስት፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ። እንግዳው በምን እንደሚበላ ጠፋው። ባለ ሦስት ፎቁ ምሳ ዕቃ መሃል ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን ከፍቶ፣ በየፎቁ አንድ አንድ ሆርቴንሲያ ይዞ ቆመ። ኤልኪን አጠገቤ መጣና ጆሮዬ ሥር «አሁንስ ተመለሰልሽ?» አለኝ።

«ተመለሰልኝ» አልኩት።

አንዲት ሆርቴንሲያ ተርፋ ነበር። በቸኮሌት ኩባያ አድርጌ ወደ እናቴ መኝታ ቤት ልወስድ ስል እጄን ቀብ አደረገችኝ።

«የት ነው የምትወስጂው?»

«አንቺ ክፍል ነዋ እማዬ። ከእንግዲህ ምን ያስፈራል?»

እናቴ ቀሚሷን አስተካከለች። ከበሩ ወዲያ ዶን ሄራርዶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሦስተኛ ሾርባውን ይዞ ወደ እኛ ያያል።

«እኔ ክፍል አይገባም!» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማን ያውቃል...»